የቀረውን ጡት ቢላዋ ይንካው ወይስ ይቅር?

ለሲስተር ይጻፉ፦ የአንባብያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም ከባሕር ዳርና ከአካባቢዋ የደረሱኝን ሦስት ደብዳቤዎች አንድ ላይ አውጥቻለሁ። ሦስቱም የሚጠይቁት ስለ ጡት ካንሰር ሕክምና ሳይሆን ሕክምናው ካለቀ በኋላ ስለሚመጣው ነገር ነው። ጎረቤት ሁሉ አስተያየት የሚሰጥበት፣ ሐኪም ግን ብዙ ጊዜ የማያነሣው ጉዳይ ነው። የመጀመሪያው ደብዳቤ ረጅም ስለሆነ መልሱም ረዝሟል።

ጥያቄ፦ ይድረስ ለሲስተር። የ43 ዓመት ሴት፣ የሦስት ልጆች እናት ነኝ። ሽምብጥ አካባቢ የሐበሻ ቀሚስ እሰፋለሁ። ከሁለት ዓመት በፊት በካንሰር ምክንያት ግራ ጡቴ ሙሉ በሙሉ ወጣ። ኬሞውንም ጨረሩንም ጨርሻለሁ፤ አሁን ካንሰሩ እንዳይመለስ ታሞክሲፊን የሚባል ኪኒን እወስዳለሁ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ።

ችግሬ የቀረው ጡት ነው። ትልቅ ነው፤ ብቻውን ሲቀር ደግሞ ይበልጥ ከበደኝ። ትከሻዬንና አንገቴን ያመኛል። ቀሚስ ስለብስ ጨርቁ በቀኝ በኩል ስለሚነሣ መሐል ላይ መውረድ ያለበት ጥለት ወደ ቀኝ ይሳባል። ለሰው ጥለት በክር እየለካሁ የምኖር ሴት የራሴ ተዛንፎ ደንበኛ ፊት መቆም አሳፈረኝ። ጥጥ የጠቀጠቅሁበትን ጨርቅ ጡት መያዣዬ ውስጥ አደርጋለሁ፤ እጄን ባነሣሁ ቁጥር ወደ አንገቴ ይወጣል። አንድ ቀን ጊዮርጊስ ለስግደት ጎንበስ ስል ወጥቶ ወደቀ፤ ነጠላዬ ባይዝልኝ ኖሮ ጉድ ፈልቶ ነበር።

አንድ ሐኪም ቀኙን ጡት አሳንሶ ማንሣት እንደሚቻል ነግሮኛል። ቨርጂኒያ የምትኖረው እኅቴ «እዚህ ኢንሹራንስ ለሁለተኛውም ጡት ይከፍላል፣ ለምን ትሠቃያለሽ» ትለኛለች። ባለቤቴ ዝም ብሏል። አማቴና ጎረቤቶቼ ግን «ነፍስሽ ተርፋ ደግሞ ጌጥ አማረሽ? ደኅናውን ጡት ብረት ካስነካሽው ይነሣብሻል» ይሉኛል። እውነት ቢላዋ የነካው ጡት ካንሰር ያመጣል? ይህን መፈለጌስ ቅንጦት ነው? እንደ እናት ይምከሩኝ።
ሰ.፣ ከሽምብጥ

መልስ፦ ልጄ ሰ.፣ እንደ እናት ምከሪኝ ካልሽ «አንቺ» ብልሽ አትቀየሚኝም። ከፍርሃቱ ልጀምር፣ እሱ ካልተነቀለ ሌላው ወሬ አይሰማሽም።

ካንሰር በብረት አይቀሰቀስም። ይህ አባባል ከየት እንደመጣ ግን አውቃለሁ፤ በቀዶ ሕክምና ክፍል ስሠራ ዕድሜዬን ሙሉ ስሰማው ኖሬአለሁ። ሴቶቻችን እብጠቱን ደብቀው፣ ጠበሉንም ቅጠሉንም ሞክረው፣ ቆስሎ ሲሸት ነበር የሚመጡት። በሽታው ያኔ ጉበትና ሳንባ ደርሷል። ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው ጥቂት ወራት ቆይተው ሲያርፉ ዘመድ ያየው ቢላዋውን ነው፤ ቀድሞ የተሠራጨውን ማን ያያል? ጥፋተኛው መዘግየት ሆኖ ሳለ ብረት ስሙ ጠፋ።

እንዲያውም ጤነኛው ጡት ሲቀነስ የሚወጣው ሥጋ ወደ ፓቶሎጂ፣ ማለትም በማይክሮስኮፕ ወደሚታይበት ክፍል፣ ተልኮ ይመረመራል። አልፎ አልፎ ማንም ያልጠረጠረው ጅምር ካንሰር የሚገኘው በዚህ አጋጣሚ ነው። ከቀዶ ሕክምናው በፊትም ጡትሽ በማሞግራም፣ በጡት ራጅ፣ መታየት አለበት። ማሞግራም ሳታነሺ ቀን ልቁረጥልሽ የሚል ሐኪም ካጋጠመሽ ጫማሽን አጥልቀሽ ውጪ። ከዚያ በኋላም ማሞግራም ለሚያነብልሽ ሐኪም «ይህ ጡት ተቀንሷል» ብለሽ መንገር አትርሺ፣ የውስጡ ጠባሳ ፊልሙ ላይ ስለሚታይ እንዳያሳስተው።

ቅንጦት ነው ወይ ላልሽው፦ እ.ኤ.አ. በ1895 ቪንሰንዝ ቼርኒ የሚባል የሄይድልበርግ ቀዶ ሐኪም ከአንዲት ታካሚው ጎን ያወጣውን የስብ እብጠት ጡቷ ወደተወሰደበት ቦታ አዛውሮ ተከለው። ማደንዘዣውም ንጽሕናው እንደዛሬው ባልነበረበት ዘመን ሁለቱ ጎኖች እንዳይለያዩ የሚጨነቅ ሐኪም ነበር ማለት ነው። እኅትሽ የነገረችሽም እውነት ነው፤ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1998 ያወጣችው ሕግ ጡት ለማውጣት የሚከፍል ኢንሹራንስ ሁለተኛውን ጡት ለማመጣጠንም እንዲከፍል ያስገድዳል። ሕጉ የሚሠራው ግን እዚያ ኢንሹራንስ ላላት ሴት ነው። በፖስታ አይላክልሽም፣ ስለዚህ ውሳኔሽን በእሱ ላይ አትመሥርቺ። የሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተሙት ጥናት ደግሞ ከሕክምና በኋላ በጡቶቻቸው መካከል ጉልህ ልዩነት የቀረባቸው ሴቶች የበለጠ ሲሸማቀቁና በድብርት ሲጠቁ ተገኝተዋል፤ ካንሰሩ ይመለስብኛል የሚለው ስጋትም በእነሱ ላይ በርትቷል። መስታወት ፊት በቆሙ ቁጥር በሽታው ይታወሳቸዋላ! አማትሽ ይህን ጌጥ ካሉት፣ ጥርስ ማስተከልም ጌጥ ነው በያቸው።

ይህን ሁሉ ያልኩት ግን አድርጊው ለማለት አይደለም። እስካሁን ካነጋገርኳቸው ሴቶች ብዙዎቹ የሁለተኛውን ጡት ቀዶ ሕክምና አይፈልጉም፤ ምክንያታቸውም የሚናቅ አይደለም። አንዷ «ሆስፒታል በቃኝ፣ ሽታው ራሱ ያመኛል» ትላለች። ሌላዋ ጠባሳዋ አብጦ ኬሎይድ ሆኖባት ሁለተኛ ጠባሳ ትፈራለች፤ በእኛ ቆዳ ላይ ኬሎይድ በብዛት ስለሚወጣ ፍርሃቷ ከመሬት አልተነሣም። በጣም የማከብረውን ምክንያት የሰጠችኝ ደግሞ አንዲት ጠጅ ነጋዴ ናት፦ «ሲስተር፣ ሲነካ የሚታወቀኝ እሱ ብቻ ነው የቀረኝ» አለችኝ። ልክ ናት። ጡት ሲቀነስ ጫፉ ወደ ላይ ስለሚዛወር ስሜቱ ሊቀንስ ወይም ሊጠፋ ይችላል። ሐኪሞች ስለ ጠባሳ ይናገራሉ እንጂ ስለዚህ ብዙም አያነሡም። አንቺ ጠይቂ።

የሚፈልጉትስ? ሰው እንደሚያስበው ለባል ብለው የሚሉኝ ጥቂቶች ናቸው። የአብዛኞቹ ወሬ ስለ ልብስ፣ ስለ ክብደትና ጠበል ቦታ ከሌሎች ሴቶች ጋር ስለመራቆት ነው። እንዲያምርባቸው ሳይሆን ዓይን ውስጥ እንዳይገቡ ነው የሚፈልጉት። ያንቺም ደብዳቤ ከዚህ ወገን መሰለኝ። ነገር ግን ሁለት ችግር አንድ ላይ ቋጥረሽ ልከሽልኛል፣ እኔ ልፍታቸው፤ አንዱ የጥለቱ ነው፣ ሌላው የትከሻው። መፍትሔያቸው ይለያያል።

ትከሻሽን የት ላይ ነው የሚያምሽ? በቀኝ በኩል ከሆነ፣ የጡት መያዣሽ ማንጠልጠያ ትከሻሽ ላይ ቦይ ከሠራና ማታ ፈትተሽው ስትተኚ ከቀለለሽ ጥፋተኛው ክብደቱ ነው፤ ማሳነሱ ሊረዳሽ ይችላል። በግራ በኩል ከሆነ ግን፣ እጅሽን ወደ ላይ ስትዘረጊ ደረትሽና ብብትሽ የሚወጠር ከሆነ፣ ያ ከብብት የወጣው ንፍፊትና ጨረሩ የተዉት መኮማተር ነው። ቀኙን ጡት ግማሽ ብታደርጊው ግራው ትከሻሽ አይሰማም፤ የሚያስፈልግሽ ፊዚዮቴራፒ ነው። ቀኑን ሙሉ መኪና ላይ አቀርቅሮ መስፋት ደግሞ ሁለቱንም ያባብሳል።

አሁን ወደ ጥለቱ። ጥጡ ወደ አንገትሽ የሚወጣው ክብደት ስለሌለው ነው። ጡት ከታች ይከብዳል፣ ጥጥ ግን ይንሳፈፋል። አንቺ እጅሽ መርፌ የለመደ ነውና እንዲህ አድርጊ። ጎድጓዳ ሳህን እስከ አፉ ውኃ ሞልተሽ ሰፊ ትሪ ላይ አስቀምጪ፤ ጎንበስ ብለሽ ቀኝ ጡትሽን ቀስ ብለሽ አስገቢ። ትሪው ላይ የፈሰሰውን ውኃ በሊትር መለኪያ ስፈሪ፤ ግማሽ ሊትር ከሆነ ጡትሽ ወደ ግማሽ ኪሎ ገደማ ይመዝናል ማለት ነው። ቀጥሎ ከለስላሳ ድርብ ጥጥ ጨርቅ ከላይ ሾጠጥ፣ ከታች ሰፋ ያለ ከረጢት ስፊ። ታችኛውን ክፍል የታጠበና በደንብ የደረቀ ዳጉሳ ሙዪው፤ ዳጉሳ ድቡልቡልና ደቃቅ ስለሆነ አይወጋም፣ ከሰውነት ጋርም ይንቀሳቀሳል። ላዩን የተባዘተ ጥጥ አድርጊበት። ክብደቱን በአንድ ጊዜ አታስተካክዪ፤ ከግማሹ ጀምረሽ ትከሻሽ ሲለምድ ጨምሪ። ከዚያ በጡት መያዣሽ ውስጥ አፉ ወደ ብብት የሚከፈት ኪስ ስፊለት። ኪስ ከሌለው በስግደት ጊዜ መውደቁ አይቀርም። ማታ አውልቀሽ አሳርፊው፤ ዳጉሳው ውኃ አይንካው፣ ነቀዝ ከገባው ቀይሪው። ጨረር ያረፈበት ቆዳ ስስ ነውና ስፌቱ ወደ ውጭ ይሁን፤ ከቀላ ወይም ከላጠሽ ተዪው። የሲሊኮን ሰው ሠራሽ ጡትም አለ። እኅትሽ የሆነ ነገር ካልላክሁ ካለች በቀኝ ጡትሽ ልክ እሱን ትላክ፣ ኪሱ ለሱም ይሆናል።

እኔ የምመክርሽ ይህንን ለጥቂት ወራት እንድትለብሺው ነው። ጥለቱ ተስተካክሎ ልብሽም ከረካ ችግርሽ የልብስ ነበር፣ ቀዶ ሕክምናው ይቅርብሽ። ጥለቱ ተስተካክሎ ቀኝ ትከሻሽ አሁንም ከጮኸ ግን ክብደቱ ነውና ወደ ሐኪሙ ተመለሺ። ያኔ ጎረቤት ምንም ቢል አትስሚ።

ያን ቀን ስትሄጂ ልብ የምትዪው ነገር አለ። ማሳነሱ ግራውን አይመልስልሽም፤ ልዩነቱን ያጠብባል እንጂ አያጠፋውም፣ ከረጢቱም ያነሰ ሆኖ ይቀጥላል። ግራውን መልሶ መሥራት ሌላ፣ ከበድ ያለ ሥራ ነው። ጨረር ባረፈበት ደረት ላይ ሲሊኮን ሲቀመጥ ዙሪያው ጠንክሮ የመኮማተር ዕድሉ ስለሚጨምር ሐኪሞች ብዙ ጊዜ ከጀርባ ወይም ከሆድ የሚወሰድ ሥጋን ይመርጣሉ። ታሞክሲፊን ደም የማርጋት ጠባይ አለው፤ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ለጊዜው ይቋረጥ አይቋረጥ የሚወስነው ሐኪምሽ ነው፣ በራስሽ እጅ አንድ ቀን እንኳ እንዳታቋርጪው። ክትትልሽ ፈለገ ሕይወት ሆስፒታልም ይሁን ጥበበ ግዮን፣ ለፕላስቲክ ቀዶ ሐኪም ሪፈር እንዲጽፉልሽ ጠይቂ፤ አዲስ አበባ ላይ የካቲት 12 ሆስፒታል በዚህ ሙያ የቆየ ነው። ይህን ሁሉ መንገድ ተጉዞ መመለስ ራሱን የቻለ ድካም ነውና ቁስሉን የሚያዩበትን ቀጠሮ ጨምረሽ አስቢ፤ ስፌትሽንም ለሳምንታት የሚይዝልሽ ሰው ፈልጊ።

የባልሽን ዝምታ እኔ ልተረጉመው አልችልም። ጠይቂው።

ጥያቄ፦ ለሲስተር። ባለቤቴ 38 ዓመቷ ነው። ጡቷ አልወጣም፤ እጢው ብቻ ተቆርጦ ጨረር ወሰደች። ጨረሩ ካለቀ አምስት ወር ሆነው። የታከመው ጡት ጠንክሮ አነሰ፣ ሌላው እንደነበረ ነው። ልብሷን ጨለማ ውስጥ ነው የምትቀይረው። ዘመዶቿ «ያኔውኑ ቢወጣ ይሻል ነበር» ይሏታል። አሁን ሌላውን ጡት ላስተካክል አለች። እኔ ምንም አይመስለኝም ብያታለሁ። ለእኔ ስትል ከሆነ ልከልክላት?
ከዘጌ

መልስ፦ አይከልክሏት፤ አይፍቀዱላትም። ጡቱ የእርሷ ነው።

በመጀመሪያ ዘመዶቿን ዝም ያሰኙልኝ። ጡትን አትርፎ ጨረር መስጠትና ጡትን ሙሉ በሙሉ ማውጣት በሕይወት በመቆየት ረገድ እኩል መሆናቸውን ቀዶ ሐኪሞቹ የአሜሪካው በርናርድ ፊሸርና የጣሊያኑ ኡምቤርቶ ቬሮኔዚ ሴቶችን 20 ዓመት ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ2002 አሳውቀዋል። ሚስትዎ ያጎደለችው ነገር የለም።

ሁለተኛ፣ አምስት ወር ገና ነው። ጨረር ያረፈበት ጡት ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት መለወጡን ይቀጥላል። ዛሬ ሌላውን በእሱ ልክ ቢቆርጡት ለከርሞ ልዩነቱ ተመልሶ ይመጣል። ሐኪሞች ጨረሩ ካለቀ በኋላ ቢያንስ ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት የሚጠብቁት ለዚህ ነው። ሲስተካከልም በአብዛኛው የሚነካው ጤነኛው ነው፣ ጨረር የወሰደ ሥጋ ቁስሉ ቶሎ አይድንምና።

ሦስተኛውን ነገር ሁለታችሁ ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩበት፦ ሌላ ልጅ ታስባላችሁ? ጨረር የወሰደ ጡት ወተቱ እጅግ ያንሳል ወይም ከነአካቴው የለም። ለማጥባት የቀራት አንዱ ነው፤ እሱም ከተቀነሰ ወተቱ ሊጎድል ይችላል። ልጅ ካሰባችሁ ማመጣጠኑ ከጡት ማስጣል በኋላ ቢሆን ይሻላል።

«ምንም አይመስለኝም» የሚለውን ቃል ደግሞ ይተዉት። እርስዎ ለማጽናናት ቢሉትም ጨለማ ውስጥ ለምትለብስ ሴት «አላይሽም» ነው የሚመስላት። ይልቅ ሐኪም ዘንድ አብረው ይሂዱ፣ የምትጠይቀውን ይስሙ። ወስና ቀዶ ሕክምናውን ካደረገች ለሳምንታት እንስራ ማዘልም ቡና መልቀምም አትችልም። ዘጌ ቡና የሚለቀምበትን ወቅት አሳልፋችሁ ቀጠሮ ያዙ፤ ውኃውን እርስዎ ይቅዱ።

ጥያቄ፦ ልጄ ሲስተር፣ ደብዳቤውን የልጅ ልጄ ነው የጻፈችልኝ። 63 ዓመቴ ነው። አንድ ጡቴ ከወጣ አራት ዓመት አለፈው። አዲስ አበባ ያሉት ልጆቼ «ገንዘብ አዋጥተናል፣ መልሰው ይሥሩልሽ» ብለው ያዙኝ። እኔ ነጠላዬን ጣል አድርጌ ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ፣ ገበያ እሄዳለሁ፤ ምንም አልጎደለብኝ። የሚያስቸግረኝ ከብብቴ ሥር የቀረው የቆዳ እጥፋት ብቻ ነው፤ ሲሞቅ ያልበኛል፣ ይፋቃል። ልጆቼን ባሳፍራቸው ይቀየሙኛል?
ከሰባታሚት

መልስ፦ እናቴ፣ አይቀየሙም፤ ቢቀየሙም ይበርድላቸዋል። ያለ ጡት መኖርን መምረጥ እንደ ችላ ማለት የሚታይበት ጊዜ አልፏል። የአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2020 ደረትን ያለ ጡት አስተካክሎ፣ ለስላሳና ጠፍጣፋ አድርጎ መዝጋትን ራሱን የቻለ የቀዶ ሕክምና ዓይነት ብሎ በመዝገበ ቃላቱ አስፍሮታል። ይህን ለልጆችዎ ያንብቡላቸው፣ የአሜሪካን ነገር ሲሰሙ ያምናሉ።

ያ እጥፋት ግን ይነሣ። ትርፍ ቆዳና ስብ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ሙሉ ማደንዘዣ ሳያስፈልግ ቦታውን ብቻ አደንዝዞ መቁረጥ ይቻላል። ልጆችዎ ያዋጡትን ገንዘብ ለዚህ ያውሉት፤ በሚቀጥለው ቀጠሮዎ ነጠላዎን ገልጠው የሚፋቀውን ቦታ ለቀዶ ሐኪሙ በጣትዎ ያሳዩት፣ ካላሳዩት አያይልዎትም። ስኳር ወይም ደም ግፊት ካለብዎ ቀድመው ይንገሩት። እስከዚያው እጥፋቱን በለብታ ውኃ አጥበው በደንብ ያድርቁት፣ በመካከሉ ስስ የጥጥ ጨርቅ ያድርጉ። ከጠጠረ፣ ከቆሰለ ወይም በዚያ በኩል ያለው ክንድዎ ካበጠ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ይሂዱ።